«ኢንስታንት» በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ሲገኝ ቀኑን እንዴት እናውጣ

ሐዋሳ ላይ ለታሪክ መመረቂያ ጽሑፋችሁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጋዜጦችን የምታገላብጡ ተማሪዎች፣ ከቀን ቁጥር ቀጥሎ «ኢንስታንት» ወይም በአጭሩ «ኢንስት» ስታገኙ «ወዲያው» ብላችሁ አትተርጉሙት። «የዚህ ወር» ማለት ነው። «አልቲሞ» ወይም በአጭሩ «አልት» ያለፈውን፣ «ፕሮክሲሞ» የሚቀጥለውን ወር ያመለክታል።

ትልቁ ስሕተት «ይህ ወር» የቱ እንደሆነ አለመለየት ነው። ብዙዎች ጋዜጣው የታተመበትን ወር ይይዛሉ። ዘገባው በደብዳቤ የመጣ ከሆነ ግን አናቱ ላይ የተጻፈበት ቦታና ቀን አለ፤ ቆጠራው ከዚያ ነው የሚነሣው። ፌብሩዋሪ 25 ከምጽዋ ተጽፎ ማርች አጋማሽ ላይ የታተመ ደብዳቤ «20 ኢንስት» ካለ፣ ፌብሩዋሪ 20 ማለቱ ነው። ፖስታ በመርከብ ይጓዝ ስለነበር እንዲህ ያለው መዘግየት የተለመደ ነው።

ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። በማርች 1896 የተጻፈ ዘገባ ላይ የዓድዋ ድል ቀን «1 ኢንስት» ነው፤ በአፕሪል በተጻፈው «1 አልት» ይሆናል። በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ስለሆነ በአሁኑ ስሌት ከሄዳችሁ አንድ ቀን ትስታላችሁ። ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረገ ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል።

ማስታወሻችሁ ላይ ያወጣችሁትን ቀን ብቻ ሳይሆን የጋዜጣውን አጻጻፍም እንዳለ ገልብጡ።