በስተርጅና ሱባዔ ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ሲጋመስ በየሰፈሩ አንድ ጨዋታ ይጀመራል። «ዘንድሮ ፍልሰታን የት ነሽ?» «ጻድቃኔ ማርያም። አንቺስ?» «እኔ እንኳ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ እዚሁ ደብራችን ነኝ።» ልጆች ከቤት ሲወጡ፣ ጡረታ ሲመጣ፣ ግቢው ጭር ሲል ሰው ስለ ነፍሱ ማሰብ ይጀምራል። ደግ ነገር ነው። ችግሩ ብዙዎች በወጣትነት ያመለጣቸውን ጾምና ስግደት ሁሉ በሁለት ሳምንት ሊያካክሱ መነሣታቸው ነው። አንዳንዱ ታሞ በሰው ድጋፍ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ሰውነቱ ከስቶ፣ ንዴቱ ግን እንዳለ ሆኖ ይመለሳል።

መድኃኒት ማቋረጥ

ከሁሉ የከፋው ይሄ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። «ጠበል እየጠጣሁ ኪኒን አልውጥም» የሚል ሰው የትም ጠበል ቦታ አይጠፋም። አጠገቡ የተቀመጠውም «ተወው፣ እመቤታችን ታውቃለች» ብሎ ያበረታታዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም አይሰማም። የሚያታልለውም ለዚህ ነው። ሰውየው «ይኸው ደህና ነኝ» ይላል፣ ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይወጣል። ድንገት ስትሮክ ሲመታው ነው የሚታወቀው።

ይሄ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ጥያቄ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባበት ሰሞን እንጦጦ ጠበል ላይ ኪኒናቸውን የተዉ ሕሙማን ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለግፊትና ለስኳር የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ስኳር ካለብዎት አደጋው በሁለት በኩል ነው። መድኃኒቱን ቢተዉ ስኳርዎ ይወጣል። ሳይበሉ ኢንሱሊን ቢወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለውን ኪኒን ቢውጡ ደግሞ ይወርዳል። የወረደ ስኳር ፋታ አይሰጥም። አንዲት እናት ቅዳሴ ላይ ቆመው ላብ በላብ ይሆናሉ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ንግግራቸው ይዘበራረቃል። የከበባቸው ሰው «መንፈስ ነው፣ ጠበል እርጩባቸው» ይላል። እሳቸውን የሚያስፈልጋቸው በውሃ የተበጠበጠ ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው፣ ያውም ወዲያው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይሰጥም፤ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ስኳር እያለባቸው ወደ ሱባዔ የሚሄዱ ሁሉ ከረሜላ በኪሳቸው ይያዙ፤ አብሯቸው ለሚያድረው ሰውም ሕመማቸውን ይንገሩ። ይሄ ሚስጥር የሚሆን ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከመሄድዎ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። «ልጾም ነው» ብቻ ብለው አይመለሱ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚበሉ ይንገሯቸው። በሶና ሽምብራ ብቻ ከሆነም እሱኑ ይንገሯቸው። የመድኃኒቱ ሰዓት ወይም መጠን መቀየር ካለበት የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። «ጭራሽ አይጹሙ» ካሉዎትም ወሬውን ይዘው ወደ ነፍስ አባትዎ ነው።

ለራስ ቀኖና መስጠት

«እስከ 11 ሰዓት እጾማለሁ፣ ዳዊቱን በየቀኑ እጨርሳለሁ፣ ይህን ያህል እሰግዳለሁ።» ማን አዘዘ? ማንም፤ ራሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና አቅም ላነሰው ሰው ጾምን ታቀላለች፤ መንገዱ ግን በነፍስ አባት በኩል ነው። ሰው ግን ነፍስ አባቱን የሚሸሸው እንዳያቀሉበት ፈርቶ ነው። እኔ ይሄን ትሕትና ለማለት ይቸግረኛል።

ስግደትን ብንወስድ ዓይነቱ አንድ ብቻ አይደለም። ግንባርን ምድር አስነክቶ የሚሰገድ አለ፣ በጉልበት ተንበርክኮ የሚሆን አስተብርኮ አለ፣ ራስን ዝቅ በማድረግ ብቻ የሚፈጸም አድንኖም አለ። ጉልበትዎ የሚቆረጥምዎ ከሆነ የትኛው እንደሚበቃዎት ይጠይቁ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከስግደት ሲነሡ ቀስ ይበሉ። ብድግ ሲሉ ዓይን ጭልም ይላል፣ ድንጋዩ ወለል ላይ መውደቅ ይመጣል። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ተሰበረ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

በዝናው ብቻ ቦታ መምረጥ

ዝቋላ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ ወጣቱም አናቱ ላይ ካለው ሐይቅ ሲደርስ ያለከልካል። ግሸን በመስከረም 21 የሕዝቡ ግፊያ ብቻውን ፈተና ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚወጣው፣ ሴትም አይገባበትም። የጣናዎቹ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤልም ለሴት ዝግ ናቸው። ይህን ሳይጠይቁ ባሕር ዳር ድረስ የሚደክሙ እናቶች አሉ፤ ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይቀበላቸዋል። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና ገዳሙ ድረስ ስለሚገባ ለእግር አያስቸግርም።

ከዝናው በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው። መንገዱ ሰሞኑን ሰላም ነው? ማደሪያው መሬት ላይ ነው ወይስ አልጋ አለ? ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚነሣ ሰው መጸዳጃው ስንት እርምጃ ይርቃል? ጤና ጣቢያስ? ፍልሰታ የክረምቱ ልብ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ጠበል ተጠምቆ በእርጥብ ነጠላ ቅዳሴ መቆም ሰውነትን ክፉኛ ያቀዘቅዛል። መቀየሪያ ልብስና ወፍራም ካልሲ ይያዙ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ከአውሮፕላን በወረዱ ማግስት እንጦጦን አይውጡ። ሰውነትዎ ከፍታውን ይልመድ።

የራስዎን ደብርም አይናቁ። ጠዋት ኪዳን፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ፣ ማታ ጉባኤ፤ አዳር ደግሞ በራስዎ አልጋ። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ሱባዔ አይቆጥረውም። እኔ ከ70 ዓመት በላይ ላለ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ግን ይሄንኑ ነው።

ቂምን ይዞ መግባት

ወንድምና እህት ናቸው፤ በአባታቸው ቤት ክፍፍል ተጣልተዋል። ሁለቱም ይጾማሉ፣ አንድ ደብር ያስቀድሳሉ። ወንድና ሴት በየበሩ መግባቱ ጠቅሟቸዋል፤ ፊት ለፊት አይገናኙም። ፍልሰታ በገባ ቁጥር እሷ አንድ ገዳም፣ እሱ ሌላ ገዳም ይሄዳሉ። እዚያም ሁለቱ የሚጸልዩት አንድ ነገር ነው፦ «ፍረድልኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ወንጌል ስንሰማው ኖረናል። ሱባዔውን ያሰቡት ለነሐሴ ከሆነ ሰኔ ላይ ሽማግሌ ይላኩ። ሽማግሌ አይበዛም? ይበዛል ካሉ ስልክ ይደውሉ። «ከመግባቴ በፊት ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ማለት ይበቃል፤ የቤቱን ወሬ በዚያ ቀን አያንሡት። ስልኩ ካልተነሣ እርስዎ የድርሻዎን ተወጥተዋል። ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ለገዳም መቶ ሻማ ገዝቶ የቤት ሠራተኛዋን ወር ያሳለፈባት ሰው ሒሳቡ አይገባኝም።

ሕልምና ምልክት ማሳደድ

«ምን ታየሽ?» እየተባባሉ የሚያድሩ አሉ። ምንም ካልታየዎት ምንም አልጎደለብዎትም። «ለእርስዎ የተነገረኝ መልእክት አለ» ብሎ ከግቢው ጥግ የሚጠራዎት ባሕታዊ ነኝ ባይ ካለ ደግሞ ወደ ገዳሙ አስተዳዳሪ ይሂዱ። መጨረሻው የስልክ ቁጥርና ገንዘብ ነው።

በሐዘን ማግስት መመንኮስ

ባል ይሞታል፤ አርባው ሳይወጣ እናት «ቆብ ልጭን ነው» ይላሉ። በስተርጅና መመንኮስ በአገራችን የቆየና የተከበረ መንገድ ነው። ግን ሐዘንና ጥሪ በዚያ ሰሞን አይለዩም። ምንኩስና አመክሮ፣ ማለትም የመፈተኛ ጊዜ፣ ያለው በከንቱ አይደለም። ቢያንስ ሙት ዓመቱ ይለፍ። ለልጆችም አስቀድሞ ይነገር፤ የቤትና የንብረት ነገርም በጽሑፍ ይለቅ። አለዚያ እናት ከመነኮሱ በኋላ የቀበሌና የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲከተላቸው ይኖራል።

አወጣጡን አለማሰብ

ጥሬና በሶ ለምዶ የሰነበተ ሆድ ነሐሴ 16 ቀን ክትፎና ዶሮ ሲወርድበት ያምጻል። በጥቂቱ ይጀምሩ፣ ቅቤውን ያሳንሱ። ኪኒኑም ወደ ዱሮው ሰዓት ሲመለስ ሐኪም ይጠየቅ።

ሌላው የመመለሻው ጉዳይ ቤት ነው። ከገዳም በገቡ በነጋታው የልጅ ልጆች ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ የዕድር ስብሰባ አለ። ከሱባዔው አንዲት ሰዓት ብቻ ይዘው ይቅሩ። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ጸሎት ላይ እንደሚሆኑ፣ ስልክ እንደማያነሡ፣ ሕፃን እንደማይይዙ ለልጆችዎ በግልጽ ይንገሯቸው። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ «በዚያ ሰዓት እማዬን አትደውሉላት» መባባል ይጀምራሉ።