ሁለቱ ታነሎች ለራውተሩ እኩል ነበሩ

ደብረ ብርሃን ያለውን ቢሯችንን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኙ ሁለት የጂአርኢ ታነሎች (በሌላ ኔትወርክ ላይ የሚዘረጉ ምናባዊ መስመሮች) አሉን፤ አንዱ በፋይበር፣ ሌላው ለመጠባበቂያ በሞባይል ዳታ። ጎን ለጎን ከሚሠሩ ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች የአንዷ ሲስተም ይፈጥናል፣ የሌላዋ ይንቀረፈፋል። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊች ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

የራውተሩን የመንገድ ሰንጠረዥ ስከፍት ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት ፕሮቶኮል) ለሁለቱም ታነሎች የሰጠው ኮስት 1000 ነው፤ የሚመረጠው ኮስቱ ያነሰው መንገድ ነው። ኦኤስፒኤፍ ፍጥነት አይለካም። 100 ሜጋቢትን በኢንተርፌሱ (በራውተሩ መውጫ) ላይ ለተመዘገበው ባንድዊድዝ (የመስመር አቅም) ያካፍላል፣ በቃ። ታነል ደግሞ ከሥሩ ምን ዓይነት መስመር እንዳለ አያውቅም፤ ራውተራችን ሁለቱንም 100 ኪሎቢት ብሎ ይዟቸው ነበር። ኮስቱ እኩል ሲሆን ትራፊኩ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍፍሉም በላኪና በተቀባይ አድራሻ ስለሆነ የምትንቀረፈፈው ኮምፒውተር ሁልጊዜ ሞባይሉ ላይ ትወድቅ ነበር።

ሁለቱንም ታነሎች በፒንግ (መዘግየትን) እና በአይፐርፍ (ፍጥነትን) ከለካሁ በኋላ የፋይበሩን ኮስት 10፣ የሞባይሉን 100 ብዬ በእጄ ጻፍኩ። በሁለቱም ጫፍ! መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ቀይሬ፣ መልሱ ከአዲስ አበባ በሞባይሉ እየመጣ ግማሽ ቀን አጥፍቶብኛል። የባንድዊድዙን ቁጥር መቀየርም ይቻል ነበር፤ ግን ሌሎች ስሌቶችም ስለሚጠቀሙበት አልነካሁትም።

ኮስት የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ ጂአርኢ 24 ባይት ስለሚጨምር ኤምቲዩው (በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ የዳታ እሽግ) ከ1500 ወደ 1476 ይወርዳል። ስለዚህ የቲሲፒ ኤምኤስኤሱን (በአንድ እሽግ የሚጫነውን የዳታ ጣሪያ) 1436 አድርጌዋለሁ።

በመጨረሻ ፋይበሩን ነቅዬ ሞከርኩት፤ ትራፊኩ ወደ ሞባይሉ ዞረ፣ ስመልሰውም ተመለሰ።