እንቅልፍና እርጅናን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ዕድሜው ሲገፋ እንቅልፉ ይቀላል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ይነቃል። ይህን ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ተመራማሪ የሚያስፈልገው “ለምን?” ለሚለው ጥያቄ ነው። የሙያው ስህተቶች በብዛት የሚመጡትም ቶሎ ብሎ “ዕድሜ ነዋ!” ከማለት ነው።

መለኪያውን አለመጠርጠር

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጥልቅ እንቅልፍ የሚታወቀው በአንጎል ምርመራ (ኢኢጂ) ላይ በሚታዩ ረጃጅምና ዝግ ያሉ ሞገዶች ነው። ከ1968 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚሠራበት ደንብ፣ ቁመታቸው ከ75 ማይክሮቮልት (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላለፈ አይቆጠሩም ይላል።

እስቲ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የ25 ዓመቱ ወጣት ሞገድ 120 ይደርሳል እንበል። የ70 ዓመቷ እናት ሞገድ በዚያው ፍጥነት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ግን 70 ላይ ይቆማል። በደንቡ መሠረት እሱ ጥልቅ እንቅልፍ ወስዶታል፣ እሷን አልወሰዳትም። ልዩነቱን የፈጠረው የጎደለው 5 ማይክሮቮልት ነው!

ጥልቅ እንቅልፍ በዕድሜ መቀነሱስ እውነት ነው። በ2000 የታተመ፣ 149 ጤነኛ ወንዶችን የመረመረ ጥናት ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉት ላይ 19 በመቶ ገደማ የነበረው ጥልቅ እንቅልፍ ከ36 እስከ 50 ባሉት ላይ ወደ 3.4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። (በ36 ዓመቱ “አርጅተሃል” የሚባል ሰው ደስ አይለውም።) ግን ከዚህ ውስጥ ስንቱ የእንቅልፍ መቀነስ፣ ስንቱ የሞገድ ማጠር ነው? የሞገዱን ቁመትና ብዛት ለየብቻ ካልመዘገባችሁ አታውቁትም።

መብራቱን መርሳት

የሰውነት ሰዓት (መቼ እንደምንተኛና እንደምንነቃ የሚመራው የውስጥ ዑደት) በእርጅና ያጥራል፣ ሽማግሌዎች በጊዜ ተኝተው ጎህ ሳይቀድ የሚነሱትም ለዚህ ነው ተብሎ ለዓመታት ታምኖ ነበር። ችግሩ፣ በብዙዎቹ ሙከራዎች ተሳታፊው መብራቱን እንዳሻው ያበራ ነበር። ብርሃን ደግሞ ራሱ ሰዓቱን ይገፋል። በ1999 የሃርቫርዱ ቻርልስ ዛይስለርና ባልደረቦቹ ሰዎችን በደብዛዛ ብርሃን አኑረው፣ “ቀኑን” 28 ሰዓት አድርገው ለኩ። በወጣቱም በሽማግሌውም ሰዓቱ በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

የ28 ሰዓቱ ዘዴ የቆየ ነው። በ1938 የእንቅልፍ ተመራማሪው ናትናኤል ክላይትማን ከተማሪው ጋር ኬንታኪ የሚገኘው ማሞዝ ዋሻ ገብቶ 32 ቀን እንዲህ ለመኖር ሞከረ። ተማሪው ለመደው፤ የ43 ዓመቱ ክላይትማን አቃተው። በሁለት ሰው ብቻ “ዕድሜ ነው” ማለት እንዴት እንደሚያጓጓ አስቡት።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ማመን

ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት፣ በማያውቀው አልጋ፣ ካሜራ እያየው ማን ደህና ይተኛል? የመጀመሪያው ሌሊት መለማመጃ ነው፣ ከስሌቱ ይውጣ።

በሽታን ከእርጅና ጋር መቀላቀል

ተኝቶ ትንፋሽ መቆራረጥ በዕድሜ ይበዛል። ለሽንት መነሳትም፣ የሚወሰደው መድኃኒትም እንደዚያው። እነዚህን ሳያጣሩ መመዝገብ ስህተት ነው። በሌላ በኩል ምንም የማያማቸውን ብቻ መርጦ “አረጋውያን እንዲህ ይተኛሉ” ማለትም ያው ነው። የትኞቹን እንዳጠናችሁ በግልጽ ጻፉ፣ በቃ።

በአንድ ሐሳብ ፍቅር መውደቅ

በ2013 የወጣ የአይጥ ጥናት አንጎል ቆሻሻውን በደንብ የሚያጥበው እንቅልፍ ላይ ነው አለ። ስለ አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ከሚታሰበው ጋር ስለሚገጥም ሁሉም ወደደው። በ2024 ሌላ ቡድን፣ እሱም በአይጥ፣ ማጠቡ በእንቅልፍ ጊዜ ይቀንሳል አለ። ክርክሩ አላለቀም። ሙሉ ላቦራቶሪውን በመጀመሪያው ላይ የገነባ ሰው ሁለተኛውን በቀና ልብ ማንበብ ይከብደዋል።

መቸኮል

የ30 ዓመት ሰውን ከ70 ዓመት ሰው ጋር ማወዳደር አንድ ሰው ሲያረጅ ማየት አይደለም፤ ሁለቱ ያደጉበት ዘመንም የተለያየ ነው። ግን ለጀማሪ ተመራማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ሦስት፣ አራት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ማንም አያረጅለትም። የሚያዋጣው፣ ሌሎች ከዓመታት በፊት ጀምረው የሚከታተሏቸው ሰዎች ያሉበት ጥናት ውስጥ ገብቶ የእንቅልፍ ልኬት ማስጨመር ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አለች። ሌሊቱን ሙሉ የሌላውን እንቅልፍ ሲጠብቁ አድሮ፣ ጠዋት በቀላ ዓይን ሞገድ መቁጠር። መዝገቡ የትም አይሄድም። ተኝታችሁ ተነሱና ቁጠሩት።