ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ዋርም ዋይት የኤልኢዲ አምፖል አመራረጥ

አዲስ አበባ ውስጥ አምፖል ለመግዛት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሲገቡ ሻጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ነጭ ይሁን ቢጫ?» ብሎ ነው፤ ብዙ ሰውም «ቢጫው ቤቱን ያጨልመዋል» በሚል ስጋት ነጩን ይዞ ይሄዳል። ሆኖም ክፍሉን የሚያጨልመው የብርሃኑ ቀለም ሳይሆን የተገዛው ብርሃን መጠን ማነስ ነው። በቂ ብርሃን የሚሰጥና ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ዋርም ዋይት፣ ማለትም ሻጮች «ቢጫ» የሚሉት አምፖል የተገጠመለት ሳሎን ደማቅ ሆኖ ዓይን አይወጋም፤ ለምሽት ጨዋታም ለዕረፍትም ይመቻል። ለዚህ ግን ከዋጋው አስቀድሞ በማሸጊያው ላይ የታተሙትን ቁጥሮች ማንበብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቁጥር የብርሃኑን ቀለም የሚነግረን ኬልቪን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። 2700 ኬልቪን ውስጡ በሚግል ክር ይበራ ከነበረው የድሮ አምፖል ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ 3000 ኬልቪን ከእሱ ጥቂት ነጣ ይላል፤ ዋርም ዋይት የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። 4000 ኬልቪን መካከለኛ ነው፤ በገበያችን በተለምዶ «ነጭ» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ 6500 ኬልቪን ሲሆን፣ ለቢሮ ወይም ለሱቅ ይስማማ ይሆናል እንጂ ቤተሰብ አምሽቶ ለሚቀመጥበት ክፍል አይመከርም። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ሰውነት ለእንቅልፍ እንዲዘጋጅ የሚያደርገውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ በተለይ ለመኝታ ቤት 2700ን መምረጥ ተገቢ ነው።

ማንኛውም የተለመደ የኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑ ከመነሻው ሰማያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢሳሙ አካሳኪ፣ ለሂሮሺ አማኖና ለሹጂ ናካሙራ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ይኸው ሰማያዊ ኤልኢዲ ሲሆን፣ በአምፖሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ፎስፈር በተባለ ንጥረ ነገር ትሸፈንና ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይለወጣል። በዋርም ዋይት አምፖል የሚለወጠው ብርሃን ስለሚበዛ፣ ዋታቸው እኩል ከሆነ ከነጩ በመጠኑ ያነሰ ብርሃን ይሰጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ተመሳሳይ ዋት ያላቸውን ሁለት አምፖሎች ጎን ለጎን አብርቶ ቢጫውን ከመጣል ይልቅ በዋት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ቢጫ መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው ቁጥር ሉመን ነው። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ሲለካ፣ ሉመን የሚሰጠውን ብርሃን ይለካል፤ ገዢ ሊያወዳድር የሚገባውም ሉመንን ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረው 800 ሉመን ገደማ ዛሬ ከ8 እስከ 9 ዋት በሆነ ኤልኢዲ ይገኛል። በቀን ለ5 ሰዓት የሚበራ 60 ዋት አምፖል በዓመት ወደ 110 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 9 ዋቱ 16 ገደማ ብቻ ይፈጃል። ቁጠባው ይህን ያህል ስለሆነ በብርሃን ላይ መሰሰት አያስፈልግም። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሳሎን ስፋቱ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ለሳሎን በካሬ ሜትር 150 ሉመን ብናስብ የሚያስፈልገው 2400 ሉመን ይሆናል። በብዙ ቤቶች ግን በጣሪያው መሐል የተንጠለጠለው አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻ ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው ሢሶ ያህሉ ነው። «ቢጫው ይደበዝዛል» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ብርሃኑን በሦስት አምፖሎች ማከፋፈል ነው፤ አንዱ በጣሪያው፣ ሌሎቹ በግድግዳና በአባጆራ ቢሆኑ ጥላውም ይለዝባል። ለማእድ ቤት፣ ቢላ የሚያዝበትና እህል የሚለቀምበት ስለሆነ፣ ስሌቱን በካሬ ሜትር ወደ 300 ሉመን ከፍ ማድረግና 3000 ወይም 4000 ኬልቪን መጠቀም ይቻላል።

ሦስተኛው ቁጥር ሰዎች ብዙም የማያዩት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው ነው። ሲአርአይ ይባላል፤ በአንዳንድ ማሸጊያዎች ላይም በሁለቱ የላቲን ፊደላት «አርኤ» ተብሎ ይጻፋል። መለኪያው እስከ 100 የሚደርስ ሆኖ ነገሮች በአምፖሉ ብርሃን ሥር የተፈጥሮ ቀለማቸውን ምን ያህል እንደያዙ ይገልጻል። 80 ለቤት ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ልክ ሲሆን፣ 90ና ከዚያ በላይ እጅግ ጥሩ ነው። ፎስፈሩ ርካሽ በሆነ አምፖል ቀዩ ክፍል ስለሚጎድል፣ በማዕድ ላይ ያለው ቀይ ወጥ ቡናማ ይመስላል፤ የሰው ፊትም ገርጥቶ ይታያል። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሱቅ ውስጥ ሻጩ አምፖሉን ሲሞክርልዎ መዳፍዎን ወይም ደማቅ ቀይ ጨርቅ ከሥሩ ያድርጉ። ቀዩ ከፈዘዘ ወይም መዳፍዎ ወደ አረንጓዴ ያደላ ከመሰለ አምፖሉን አይግዙ። አምፖሉን ራሱን ማየት ዓይንን ከማፍዘዝ በቀር የሚነግርዎ ነገር የለም።

አንዳንድ አምራቾች የቀለሙን ቁጥርና ሲአርአዩን በሦስት አኃዝ አጣምረው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው አኃዝ የሲአርአዩ ደረጃ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ደግሞ የኬልቪኑ መጀመሪያ ናቸው፤ ስለዚህ 827 ማለት በሰማንያዎቹ ውስጥ ያለ ሲአርአይና 2700 ኬልቪን፣ 930 ማለት ደግሞ ከ90 በላይና 3000 ኬልቪን ነው። 865 የተጻፈበትን ሻጩ ምንም ቢለው ዋርም ዋይት አይደለም።

የግድግዳው ቀለምም ከምርጫው ጋር ይሄዳል። ክሬም፣ ቢጫና ቡናማ ግድግዳ በ2700 ኬልቪን ያምራል። ሰማያዊ ወይም ውኃ አረንጓዴ የተቀባ ክፍል ግን በዚያው ብርሃን ግራጫ ሊመስል ስለሚችል 3000 የተሻለ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ነጭና ቢጫ ማደባለቅ በምንም ቢሆን ጥሩ አይደለም።

ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚታየው የአምፖሉ ጥንካሬ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ቢሆንም በሚዋዥቅበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ሰፊ የቮልት ክልል፣ ለምሳሌ ከ85 እስከ 265 የተጻፈበትን አምፖል መምረጥ ይበጃል፤ ቮልት ሲወርድ ቶሎ አይደበዝዝም። በማሸጊያው ላይ 15,000 ሰዓት የሚል ዕድሜ ከተጻፈ፣ በቀን ለ5 ሰዓት ሲበራ ከ8 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሙቀት ግን ይህን ዕድሜ ክፉኛ ያሳጥረዋል፤ ኤልኢዲ ሲበራ የሚግለው ከሥሩ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክሉት ዕቃዎች ካሉበት በኩል ስለሆነ፣ ዙሪያው በተዘጋ የመስታወት ክዳን ውስጥ ለዚያ ያልተሠራ አምፖል መግጠም አይገባም።

መርገብገቡን ለመፈተሽ የስልክዎን ካሜራ ከፍተው ወደ በራው አምፖል ያቅርቡ፤ በስክሪኑ ላይ የሚጓዙ ጥቁር ሰንበሮች በጉልህ ከታዩ ብርሃኑ ይርገበገባል ማለት ስለሆነ፣ በእሱ ሥር የሚያነብ ሰው ዓይኑ ሊደክም፣ ራሱንም ሊያመው ይችላል። አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ጭል ጭል ካለ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከአምፖሉ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እንዲቆርጥ ተደርጎ በመዘርጋቱ ነው። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ባለሙያ ጠርቶ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ራሷ ማብሪያዋ ትንሽ መብራት ካላት ግን ምክንያቱ እሷ ልትሆን ትችላለች።

የአምፖሉን እግር በተመለከተ፣ እየተጠመዘዘ የሚገባው ኢ27፣ ሁለት ጆሮ ኖሮት ተገፍቶ የሚዞረው ደግሞ ቢ22 ስለሆነ፣ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የተቃጠለውን ነቅለው ይዘው መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው። ለመላው ቤት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ብቻ ገዝተው በሚበራበት ክፍል ለጥቂት ምሽቶች ይሞክሩት፤ ከወደዱት የቀሩትን ከዚያው ዓይነትና ከተቻለ ከአንድ ካርቶን ይግዙ፤ በአንድ ቁጥር የተሸጡ አምፖሎች እንኳ ከተለያየ ምርት ከሆኑ አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላልና። አንድ ሁለት ትርፍ ከደረሰኙ ጋር ማስቀመጥም ለዋስትናውም ለቀለሙም ይጠቅማል።