ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት

መጀመሪያ፣ እዚያው እደሩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቼ 160 ኪሎ ሜትሩን ጨርሼ ሐይቁ ዳር ያለችው ባቱ ከተማ ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወፉም ጥላ ፍለጋ ገብቷል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር መገኘት ነው። ወሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹት እንግዳ ወፎችም ያኔ እዚህ ናቸው።

ባይኖኩላር ተዋሱ። 8 በ42 የሚለው ይበቃል፤ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጃችሁ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ሁሉንም ያንቀጠቅጠዋል። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ደብተር ያዙ። ቀይ ቲሸርቱን ቤት ተዉት።

ከዚያ አትዙሩ፣ አንድ ቦታ ቁጭ በሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ የሚያጸዱበት አጠገብ ብትሆኑ ጥሩ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እዚያ አይጠፋም፤ መላጣውን ቀብሮ፣ ካፖርት ደርቦ ጡረታ ለመቀበል የተሰለፈ አዛውንት ይመስላል። እግሩን ልብ በሉ። ነጭ ይመስላል እንጂ ጥቁር ነው። ሲሞቀው ለመቀዝቀዝ ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፣ እሱ ነው ደርቆ የነጣው።

አሁን ባይኖኩላሩን ውሃው ላይ ወደተነጠፉት ቅጠሎች አዙሩ። ግንባሩ ሰማያዊ፣ አካሉ ቡናማ፣ ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ ወፍ ቅጠል በቅጠል ሲራመድ ካያችሁ ጃካና ነው። እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣ ልጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሸሻል፤ የሚታየው የተንጠለጠለ እግራቸው ብቻ ነው። ይህን ለማየት ግን ዕድልም ያስፈልጋል።

ያላወቃችሁት ወፍ ሲመጣ ወደ መጽሐፍ አትሩጡ፣ ገልጣችሁ ሳትጨርሱ ይበራል። መጠኑን ከእርግብ ጋር አስተያዩ፣ ምንቃሩን እዩ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ጻፉ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ አየር ላይ እንደቆመ ክንፉን እያርገበገበ፣ ድንገት ውሃው ውስጥ የሚወረወረውን ትንሽ ዓሣ አዳኝ በዚህ ብቻ ትለዩታላችሁ።

ጀልባ ከተከራያችሁ ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። ጉማሬ አለና ባለ ጀልባው ራቅ እንበል ካለ አትከራከሩ።

ቀትር ላይ ዓሣ ብሉ፣ አረፍ በሉ። 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ዛፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል፤ ድምፁን ተከትላችሁ ፈልጉት።