የሩሲያ ስም ወረቀት ላይ ሲመጣ፦ አነባበቡ፣ ትርጉሙና አጻጻፉ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ በሶቪየት ዘመን ሞስኮ፣ ኪየቭ ወይም ኦዴሳ ተምሮ የመጣ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ የሩሲያኛ ወረቀት አይጠፋም፦ ዲፕሎማ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ እዚያ የተወለደ ልጅ የልደት ካርድ። ወረቀቱ ድሬዳዋ ከዚራ ወይም መጋላ ሰፈር ትርጉም ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ጣጣ የሚያመጣው ሐሳቡ ሳይሆን ስሙ ነው። ስሙ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ ከመታወቂያና ከፓስፖርት ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ባለጉዳዩን ከመስኮት መስኮት ያመላልሰዋል።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ይያዙ። የሩሲያ ሙሉ ስም ሦስት ክፍል አለው፤ የራስ ስም፣ ከአባት የሚወጣ ስምና የቤተሰብ ስም። በመንግሥት ወረቀት ላይ በአብዛኛው የሚቀድመው የቤተሰብ ስም ነው። “ጉሚልዮቭ ኒኮላይ ስቴፓኖቪች” የሚል ካገኙ ሰውየው ኒኮላይ ነው፣ አባቱ ስቴፓን፣ የቤተሰቡ መጠሪያ ጉሚልዮቭ። ይህ ባለቅኔ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ በ1913 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በኩል ሐረር ገብቶ የያኔውን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን ፎቶግራፍ አንስቷል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1890ዎቹ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የመጣው ሊዮንትየቭም ኒኮላይ ስቴፓኖቪች ነው። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። የራስና የአባት ስም ይዞ ብቻ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ግን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፤ እኛ “ከበደ አለሙ” ስንል ሰውየውን ለይተን የጠራን ስለሚመስለን እዚህ ላይ ቶሎ እንሳሳታለን።

የአባትን ስም ከነቅጥያው መገልበጥ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ፔትሮቪች የአባት ስም አይደለም፤ የፒዮትር ልጅ ማለት ነው። ለሴት ፔትሮቭና ይሆናል። አባትየውን ለማግኘት ኦቪች ወይም ኦቭና የሚለውን ያንሱ፦ ኢቫኖቪች ከኢቫን፣ አኽሜዶቭና ከአሕመድ። የአባት ስም በ“ይ” ሲያልቅ ቅጥያው የቪች ወይም የቭና ነው፤ ሰርጌይ ሰርጌየቪች፣ ኒኮላይ ኒኮላየቭና። በ“ኣ” የሚያልቅ የወንድ ስም ላይ ግን ኢች ብቻ ይቀጠላል፤ ኒኪታ ኒኪቲች፣ ኢልያ ኢሊች። የሌኒን “ኢሊች” አባቱ ኢልያ ስለሆነ የመጣ ነው፤ የኢልያ ሴት ልጅ ኢሊኒችና ትባላለች። ከደንቡ የሚያፈነግጡትን ደግሞ በቃል መያዝ ይሻላል፦ የፓቬል ልጅ ፓቭሎቪች፣ የሌቭ ልጅ ልቮቪች፣ የያኮቭ ልጅ ያኮቭሌቪች። ቅጥያውን ብቻ ቆርጦ አባትየውን “ልቭ” ወይም “ያኮቭል” ያለ ሰው የሌለ ሰው ፈጠረ ማለት ነው።

በ“ኢች” ያለቀ ሁሉ ደግሞ ከአባት የወጣ አይደለም። በ1896 እ.ኤ.አ. ከሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑካን ጋር ወደ አገራችን የመጣው መኮንን አሌክሳንደር ክሳቬርየቪች ቡላቶቪች ነው፤ ቡላቶቪች የቤተሰቡ ስም፣ አባቱ ክሳቬሪ። ሰርቦች ዘንድም ፔትሮቪች፣ ዮቫኖቪች የቤተሰብ ስም ናቸው። ጥሩ መለያ አለ፦ የስሙ ባለቤት ሴት ሆና ስሙ በኦቪች ካለቀ የቤተሰብ ስም ነው፤ ከአባት የሚወጣው ቢሆን ኦቭና ይሆን ነበር። ቡልጋሮች በመሃል የሚያስገቡት የአባት ስም ለወንድ በኦቭ፣ ለሴት በኦቫ ያልቃል። ፖላንዶችና ቼኮች ከአባት የሚወጣ ስም በወረቀት ላይ አይጠቀሙም።

የቤተሰብ ስም ራሱ በፆታ ይለወጣል። ወንድም ኢቫኖቭ፣ እህት ኢቫኖቫ፤ ወንዱ በስኪ ካለቀ ሴቷ በስካያ። የልጅ የልደት ካርድ ላይ አባትና እናት የተለያየ ቤተሰብ መስለው ስለሚታዩ፣ ተርጓሚው “ሳይስማማ ቀረ” ብሎ አንዱን እንዳያስተካክል ይጠንቀቁ። በኤንኮ የሚያልቁ የዩክሬን ስሞች ለወንድም ለሴትም ያው ናቸው።

ስሞቹ ምን ማለት ናቸው

ብዙዎቹን እኛም እናውቃቸዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከዕብራይስጥና ከግሪክ የሄዱ ናቸውና። ኢቫን ዮሐንስ ነው፣ ኢልያ ኤልያስ፣ ሴሚዮን ስምዖን፣ ማትቬይ ማቴዎስ፣ የሊዛቬታ ኤልሳቤጥ። ፊዮዶር የእኛው ቴዎድሮስ ነው፣ የአምላክ ስጦታ። ጊዮርጊስ በሩሲያ ሦስት መልክ ይዟል፦ ጌኦርጊ፣ ዩሪ እና የጎር። ኢሪና ሰላም ናት፣ አናስታሲያ ትንሣኤ። ቬራ፣ ናዴዥዳና ሉቦቭ ደግሞ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ናቸው፤ ከእናታቸው ከሶፊያ ጋር የሚታሰቡ ሰማዕታት ስለሆኑ ሦስቱ እህትማማቾች በእነዚህ ስሞች የሚጠሩበት ቤት አለ።

የጥንቱ የስላቭ ስም ግን በሁለት ቃል የሚገጣጠም ነው፤ ወልደጊዮርጊስና ኃይለማርያም ለለመደ ሰው አይከብድም። ክፍሎቹን ካወቁ አዲስ ስም ሲመጣም ይፈታሉ፦ ስላቭ ክብር ወይም ዝና፣ ቭላድ ግዛት፣ ስቭያት ቅዱስ፣ ሉድ ሕዝብ፣ ሚል ውድ፣ ቦግ አምላክ። ስለዚህ ስቭያቶስላቭ ቅዱስ ክብር፣ ሉድሚላ በሕዝብ የተወደደች፣ ቦግዳን አምላክ የሰጠው። ቭላዲሚርን ብዙ ሰው “ዓለምን የሚገዛ” ይለዋል፤ የመጨረሻው ክፍል በጥንቱ አጻጻፍ “መር” ስለነበረ “በግዛቱ ታላቅ” የሚለው ትርጉም ይበልጣል። ስቬትላና ከብርሃን የወጣች ናት። ኦሌግ፣ ኦልጋና ኢጎር ከስካንዲኔቪያ የመጡ ናቸው። አብዮቱም ስም ሰጥቷል፦ ቭላድሌን ከቭላዲሚር ሌኒን፣ ኒኔል ሌኒን ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ። የሩሲያ ሙስሊሞች ስም ለሐረር ሰው ቅርብ ነው፤ ሩስላን ከአንበሳ፣ ቲሙር ከብረት የወጣ የቱርክ ዘር ስም ሲሆን፣ ሙሐመድ በዳግስታን ማጎመድ ይባላል።

የቁልምጫውን ስም ወረቀት ላይ አያስገቡ። ሳሻ አሌክሳንደርም አሌክሳንድራም ሊሆን ይችላል፣ ዤንያ የቭጌኒም የቭጌኒያም። ሚሻ ሚኻይል፣ ኮልያ ኒኮላይ፣ ቫንያ ኢቫን፤ በ“ኣ” ስላለቁ ሴት አይደሉም። ሲያነጋግሩ ደግሞ “እርስዎ” የሚሉትን ሰው በራሱና በአባቱ ስም፣ “ኢቫን ፔትሮቪች” ብለው ይጥሩ፤ ቁልምጫው “አንተ” ከተባባሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ ፊደላችን ሲመለስ

የሩሲያ ፊደል ዓይንን ያታልላል። የላቲኑን ቢ የሚመስለው “ቭ” ነው፣ ሲ የሚመስለው “ስ”፣ ፒ የሚመስለው “ር”፣ ኤች የሚመስለው “ን”፣ ኤክስ የሚመስለው “ኽ”። ሩሲያኛ “ህ” ስለሌለው ወይ በ“ኽ” ወይ በ“ግ” ይተካዋል፤ የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል በሩሲያኛ ጋኒባል የሚባለው ለዚህ ነው። ፔትሮቪች የተባለውም ክርስትና ባነሣው በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ስም ነው። ኢቫንን ዮሐንስ፣ ሚኻይልን ሚካኤል ብለው አይተርጉሙ፤ ትርጉሙ ለማወቅ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ድምፁ ይጻፋል።

የኢትዮጵያዊ ስም ከሩሲያኛ ዲፕሎማ ሲመለስ ሁለት ነገር ይታይ። ሩሲያኛ ጠ፣ ቀ፣ ጸ እና ጨን ስለማያውቅ ጥላሁን “ቲላኹን” ሆኖ ይመጣል፤ ከለሙና ቀለሙ አይለዩም። በግምት አይመልሱ፣ መታወቂያውን አስቀርበው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ዲፕሎማው “ለእገሌ ተሰጠ” ስለሚል የ“ለ”ን ቦታ የሚይዝ ድምፅ ስሙ ጫፍ ላይ ይገባል፦ አሕመድ “አኽሜዱ”፣ አብርሃም “አብራኻሙ”፣ ሣራ “ሳሬ”። ከበደና ተስፋዬ አይለወጡም። “አብራኻሙ”ን እንዳለ የገለበጠ ትርጉም ቤት ባለቤቱን ሌላ ሰው አደረገው።

ከሩሲያ የመጣ ሰው ቅጽ ሲሞላ “የአባት ስም” የሚለው ሣጥን ውስጥ ፔትሮቪች ከገባ፣ በማብራሪያ ቦታ “የፒዮትር ልጅ” ይባል፤ የቤተሰብ ስሙ በአያት ስም ሣጥን ከገባም የአያት ስም አለመሆኑ እዚያው ይጻፍ። የሩሲያ የውጭ አገር ፓስፖርት ከአባት የሚወጣውን ስም በሩሲያኛ ብቻ ነው የሚጽፈው፣ በላቲን አይደግመውም። ስለዚህ የልደት ካርዱ ሦስት ስም፣ የፓስፖርቱ የላቲን መስመር ሁለት ስም ይኖረዋል። ማኅተም ከመመታቱ በፊት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ያመሳክሩ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣም ተርጓሚው በትርጉሙ ግርጌ በአንድ መስመር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።