ኃያሉን ቡድን ለመርታት፦ በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዝቅተኛ ግምት ለሚሰጠው ቡድን አሠልጣኝ የቀረበ መመሪያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለብሔራዊው ሻምፒዮና ግማሽ ፍፃሜ ዳላስ ሲደርስ 111 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ተጋጣሚው ሚሲሲፒ ስቴት ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር በዚሁ ቡድን 98 ለ38 የተረታ ቡድን ነው። ጨዋታው ግን በመደበኛው ሰዓት ሳይለይለት ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበትም ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ገደማ የሆነችው ጋርድ (ከቅርጫቱ ርቃ ኳስ የምታደራጅ ተጫዋች) ሞርጋን ዊሊያም የወረወረችው ኳስ ገብቶ ውጤቱ 66 ለ64 ሆነ።

ስለዚህ ዝቅተኛ ግምት የተሰጠው ቡድን ኃያሉን ሊያሸንፍ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ለአሠልጣኙ የሚጠቅመው እንዴት የሚለው ነው። በዚህ ደረጃ የሚገኙ ትልልቅ ቡድኖች በቁመትም፣ በተጠባባቂ ብዛትም፣ በልምድም ስለሚበልጡ ሁሉንም ነገር ከእነሱ ለመከላከል የሚሞክር ቡድን ሁሉንም ያጣል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንዲሉ፣ የዝግጅቱ መጀመሪያ ምን ለተጋጣሚ እንደሚተው በግልጽ መወሰን ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ውሳኔ የሚመነጭ ነው።

ምን እንደሚተው መወሰን

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ከ2023ቱ ግማሽ ፍፃሜ የተሻለ ጨዋታ የለም ብዬ አምናለሁ። ሳውዝ ካሮላይና በዚያ የውድድር ዘመን 36 ጨዋታዎችን ተጫውቶ አንዱንም አልተሸነፈም፤ ካለፈው ዓመት የቀጠለው የድል ሰንሰለቱም 42 ደርሶ ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ያሉት ተጫዋቾቹ ረጃጅምና ጠንካራ ከመሆናቸውም በላይ፣ አንዷ ስትደክም የምትተካትም ከእሷ የማታንስ ነበረች። ተጋጣሚው አይዋ ይህን ቡድን በጉልበት ሊቋቋመው እንደማይችል ያውቅ ስለነበር አምስቱንም ተጫዋቾች ወደ ቅርጫቱ አጥብቦ ሰበሰበና ከሩቅ መወርወር የሚከብዳቸውን የሳውዝ ካሮላይና ጋርዶች ሜዳ ላይ ብቻቸውን ተዋቸው። ከዚያ ጨዋታ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ምስል፣ ሬቨን ጆንሰን ኳሱን ይዛ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ስትቆም ተከላካይዋ ኬትሊን ክላርክ ወደ ፊት ቀርባ ከመጋፈጥ ይልቅ ርቃ እንደቆመች እጇን ስታወናጭፍና ፊቷን ወደ ሌላ ስትመልስ የሚያሳየው ነው። ምስሉ ንቀት ተብሎ ብዙ ተወርቶበታል፤ ከአሠልጣኝ ዓይን ሲታይ ግን ዕቅዱ በተግባር ሲውል ነው። ሳውዝ ካሮላይና በሪባውንድ (የተሳተ ኳስ በመያዝ) እጅግ በልጦ፣ ከሳተው ኳስ ብዙውን መልሶ ይዞ፣ ሆኖም ከሩቅ ካደረጋቸው 20 ሙከራዎች 4 ብቻ አግብቶ 77 ለ73 ተሸነፈ። ክላርክ በበኩሏ 41 ነጥብ አስቆጠረች።

ይህን ለመድገም የሚፈልግ አሠልጣኝ የተጋጣሚውን የቅርብ ጊዜ ጨዋታዎች በቪዲዮ እየተመለከተ በመደበኛነት ለሚሰለፉት ስምንት ወይም ዘጠኝ ተጫዋቾች ለእያንዳንዷ አንድ ገጽ ይመድብ። በገጹ ላይ የሚሰፍረው አጠቃላይ አማካይ ነጥቧ ሳይሆን ከየት ቦታ፣ በየትኛው እጇ፣ ኳሱን እያነጠረች ወይስ ከቅብብል በኋላ ቆማ እንደምታስቆጥር ነው። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሩቅ ከመወርወር የምትቆጠብ ወይም ስትወረውር ከ30 በመቶ በታች የምታገባ አንዲት ወይም ሁለት ተጫዋች አይጠፉም፤ የሚተውት እነሱ ናቸው። ነገር ግን መወርወር ባትችልም ጥሩ አቀባይ የሆነችን ረጅም ተጫዋች መተው አደገኛ ነው፤ ጊዜና ክፍት ዕይታ ካገኘች ለጓደኞቿ ኳስ የምታከፋፍለው እሷ ትሆናለችና።

ከሁሉ የሚከብደው ዕቅዱን ማውጣት ሳይሆን አጥብቆ መያዝ ነው። የተተወችው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ልታገባ ትችላለች፤ አዳራሹ ይጮኻል፤ ከተጠባባቂ ወንበር «ውጪባት!» የሚል ድምፅ ይሰማል። በዚያች ደቂቃ አሠልጣኙ ዕቅዱን ከቀየረ፣ የቅርጫቱ ሥር ይከፈትና የሳምንቱ ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ዕቅዱ የሚለወጥበት ሁኔታ ከጨዋታው በፊት ተወስኖ ለተጫዋቾቹ መነገር አለበት፤ ለምሳሌ ያቺ ተጫዋች በአንድ ሩብ አራት ካስቆጠረች ብቻ እንደሚታሰብበት።

ከሩቅ መወርወር፣ ግን ከተገቢው ቅብብል በኋላ

ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከሚደረግ ሙከራ ሲሶውን የሚያገባ ቡድንና ከቅርብ ከሚደረግ ሙከራ ግማሹን የሚያገባ ቡድን በአማካይ እኩል ነጥብ ያገኛሉ። ልዩነቱ መዋዠቁ ላይ ነው። 25 ጊዜ ከሩቅ የሚወረውርና ሲሶውን የሚያገባ ቡድን ብዙውን ጊዜ 8 ገደማ ያገባል፤ በአንዱ ቀን 12 ሲያገባ በሌላው ደግሞ 4 ብቻ ሊያገባ ይችላል። ኃያሉ ቡድን እንዲህ ያለውን መዋዠቅ አይፈልገውም፤ በአማካይ ስለሚበልጥ ነገሮች ሁሉ እንደ ወትሮው ቢሄዱ ይበቃዋል። ደካማው ግን ሌላ መንገድ የለውም። በአንድ ሽንፈት በሚሰናበቱበት ውድድር በ15 ነጥብ መሸነፍም ሆነ በ40 መሸነፍ ያው ስለሆነ፣ መጥፎው ቀን የከፋ እንዲሆን ፈቅዶ ጥሩውን ቀን መግዛት ተገቢ ነው።

ልዊቪል እ.ኤ.አ. በ2013 ቤይለርን ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 82 ለ81 ሲያሸንፍ የሆነው ይኸው ነው። ቤይለር በ2012 ዓመቱን ሙሉ 40 ጨዋታ ተጫውቶ 40ውንም ያሸነፈ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበር፤ በመሐል ደግሞ ቁመቷ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር የሆነችው ብሪትኒ ግራይነር ነበረችለት። ልዊቪሎች ግራይነርን በሁለትና በሦስት ተጫዋች ከበው፣ ኳስ ሳይደርሳት ገና ሰውነታቸውን አስጠግተው እየታገሉ 14 ነጥብ ላይ አቆሟት። በሌላው ወገን ከሩቅ ከወረወሯቸው 25 ኳሶች 16ቱን አገቡ፤ ይህም ካስቆጠሩት 82 ነጥብ 48ቱ ማለት ነው። 16 ማግባት ዕድል እንደሆነ አልክድም። 25 ጊዜ ለመወርወር መድፈሩ ግን የአሠልጣኙ ጄፍ ዎልዝ ውሳኔ ነው።

ከሩቅ መወርወር ማለት ግን ኳስ እንደተያዘ መወርወር አይደለም። ኳሱ መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ በቅብብል ወይም በመንዳት (ኳሱን እያነጠሩ ወደ ቅርጫቱ በመግፋት)፣ መግባት ይኖርበታል፤ ተከላካዮቹ ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ ወደ ውጭ ተመልሶ ሲወጣ ወርዋሪዋ እግሯን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ቅርጫቱ አዙራ ትቀበለዋለች። በልምምድ ጊዜ እንዲህ ካለው ቅብብል ያልመጣ ውርወራ ቢገባም አይቆጠር የሚል ደንብ ማውጣት ይረዳል።

ስለ ማዘግየት

ጨዋታውን አዘግዩት የሚለው ምክር ከሁሉ በላይ ይዘወተራል፤ በእኔ ግምት ከሚነገርለት ያነሰ ነው የሚጠቅመው። የኮሌጅ ሴቶች ጨዋታ እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሆኑ አራት ሩቦች ያሉት ሲሆን ለአንድ ማጥቃት 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በተለምዶ 70 ገደማ ጊዜ ያጠቃል። ኃያሉ ቡድን በ100 ማጥቃት በ15 ነጥብ ይበልጣል ብለን ብናስብ፣ በ70 ማጥቃት የሚጠበቀው ልዩነት 10 ነጥብ ተኩል ነው። ጨዋታውን ወደ 60 ብናወርደው 9 ይሆናል። የተገኘው አንድ ነጥብ ተኩል ነው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው በግድ የሚወረወር አንድ መጥፎ ኳስ ደግሞ ይህን ይበላዋል። ሰዓት ማባከን ዓላማ ሊሆን አይገባም፤ ጥሩ ውርወራ ፍለጋ ሰዓቱን ከወሰደው ግን ይውሰደው።

ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጎዳው መነጠቅ ነው። የተሳተ ኳስ ተከላካዮች ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል፤ በቅብብል መሐል የተነጠቀ ኳስ ግን በሌላው ጫፍ ያለ ተከላካይ የሚገባ ሁለት ነጥብ ነው። ታላላቆቹ ቡድኖች በስምንት ደቂቃ ውስጥ 20 ለ2 የሚያደርጉት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በየውርወራው ሦስት ተጫዋቾች ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሱ፤ የራሳችንን የሳተ ኳስ መልሶ የመያዝ ዕድሉም ይቅር። ይህም ከሚተዉት ነገሮች አንዱ ነው።

ሙሉ ሜዳውን የሚሸፍን ጫናን ለመልመድ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚያደርጉትን ማድረግ ይጠቅማል፤ የሴቶቹ ቡድን ከወንድ ተማሪዎች ጋር ይለማመዳል። ወንዶቹ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ተከላክለው ሴቶቹ አምስት ሆነው ኳሱን መሐል ሜዳ ቢያሻግሩ፣ በጨዋታው ቀን አምስት ተከላካይ ሲያዩ ሜዳው ሰፊ ይመስላቸዋል።

ፋውል

ከ2015–16 የውድድር ዘመን ጀምሮ የቡድን ፋውል የሚቆጠረው በየሩቡ ነው፤ በአንድ ሩብ አምስተኛው ፋውል ሲፈጸም ተጋጣሚው ሁለት ነፃ ውርወራ ያገኛል፤ አዲስ ሩብ ሲጀምር ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በየሩቡ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት ፋውሎች በጥንቃቄ መጠቀም ይቻላል፤ ፈጣን ማጥቃት ገና መሐል ሜዳ ላይ ሳለ በሕጋዊ የኳስ ሙከራ ማቋረጥ ሁለት ነጥብ ያተርፋል። ጠንከር ያለና ኳስ ላይ ያላነጣጠረ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከባድ ነው። በዚያ የ2017 ጨዋታ በተጨማሪው ሰዓት መገባደጃ ሚሲሲፒ ስቴት እንዲህ ያለ ፋውል ተቆጥሮበት ኮኔቲከት በሁለት ነፃ ውርወራ 64 ለ64 እኩል ከመሆኑም በላይ ኳሱም ለእሱ ተሰጠ። ኮኔቲከት ያንን ኳስ ባያባክን ኖሮ ዊሊያም የመጨረሻውን ኳስ የመወርወር ዕድል አታገኝም ነበር።

በሌላ በኩል የተጋጣሚው ታላቅ ተጫዋች አምስት ፋውል ከሞላባት ከጨዋታው እንደምትወጣ አይዘንጋ። በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ጊዜ በቀጥታ ወደ እሷ መንዳት፣ ባይሳካ እንኳ፣ ዳኛው ሁለት ጊዜ ቢነፋባት አሠልጣኟ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጣት ያስገድዳል።

የተጋጣሚ ሜዳ

በወንዶቹ ውድድር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በገለልተኛ ከተማ ሲደረጉ፣ በሴቶቹ ግን ከፍተኛ ደረጃ የተሰጣቸው 16 ቡድኖች ሁለቱን የመጀመሪያ ዙሮች በየአዳራሻቸው ያስተናግዳሉ። በሴቶች ውድድር ያልተጠበቀ ውጤት በመጀመሪያ ዙር እምብዛም የማይታየው አንድም ከዚህ የተነሳ ነው። በየምድቡ የመጨረሻውን፣ 16ኛውን ደረጃ የተሰጠው ቡድን 1ኛውን የረታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንፎርድን በገዛ ሜዳው 71 ለ67 አሸነፈ። ስታንፎርድ ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ዋና ተጫዋቾቹን በጉልበት ጉዳት አጥቶ እንደነበር መርሳት አይገባም፤ ሃርቫርድ ደግሞ በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ በአማካይ ብዙ ነጥብ የምታስቆጥረው አሊሰን ፊስተር ነበረችው፤ 35 ነጥብና 13 ሪባውንድ አስመዘገበች። ደካማ የሚባለው ቡድን ብዙ ጊዜ አንዲት እንዲህ ያለች ተጫዋች አለችው፤ ከሌለችው፣ እዚህ የተዘረዘረው ሁሉ ተሟልቶም ዕድሉ ጠባብ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ለጩኸቱ የሚሆነው ዝግጅት ቀላል ነው፦ በልምምድ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ከፍ አድርጎ ከፍቶ የማጥቂያ ትዕዛዞችን በእጅ ምልክት ማስተላለፍ።

የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች

ኃያል ቡድን በልዩ ልዩ የጨዋታ ሁኔታ አሸንፎ ይሁን እንጂ በጠባብ ልዩነት የመጫወት ልምዱ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ በ30 ነጥብ ያሸነፈ ቡድን የመጨረሻ ደቂቃ ጭንቀት ብርቁ ነው። ይህ ለደካማው ቡድን ብልጫ ሊሆን ስለሚችል በየልምምዱ መጨረሻ፣ ተጫዋቾቹ ሲደክሙ፣ በአንድ ነጥብ እየመራም እየተመራም፣ 10 ሰከንድ ቀርቶ፣ የዕረፍት ጥሪ ኖሮትም ሳይኖረውም ይጫወት። ኳሱ በጨዋታ መሐል ከተገኘ ዕረፍት አለመጥራት ይመረጣል፤ ዕረፍቱ ተጋጣሚውም መከላከያውን እንዲያደራጅ ጊዜ ይሰጠዋል። ልዊቪል ቤይለርን የረታው ሁለት ሰከንድ ከምናምን ሲቀር በተገኙ ሁለት ነፃ ውርወራዎች ነው፤ ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ኳሱን ይዛ ወደ ቅርጫቱ የምትነዳው ተጫዋች ነፃ ውርወራ የማትስት ትሁን።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውም መታሰብ ይኖርበታል። ሚሲሲፒ ስቴት ኮኔቲከትን ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን በፍፃሜው በሳውዝ ካሮላይና 67 ለ55፣ አይዋ ደግሞ በ2023 በሉዊዚያና ስቴት (ኤልኤስዩ) 102 ለ85 ተሸንፈዋል፤ ሃርቫርድም በሚቀጥለው ዙር በአርካንሳስ ተሰናብቷል። በእነዚህ ውድድሮች በጨዋታዎች መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ስላለ፣ ከምክትል አሠልጣኞች አንዱ ከኃያሉ ቡድን ዝግጅት ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኖ ቀጣይ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁለት ተጋጣሚዎች ብቻ እንዲያጠና ይመደብ፤ የድሉ ምሽት ሳያልፍም የእያንዳንዷን ተጫዋች ገጽ አዘጋጅቶ ለዋናው አሠልጣኝ ያስረክብ።